ሞተሩን አጥፍቶ ቁልቁል

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ጌታዬ የአሁኑን እንኳን እመነኝ። ባለፈው አልዋሽም ብዬህ ዋሽቻለሁ፣ አውቃለሁ… ይሄኛው ግን የመጨረሻዬ ነው። በቃ።

ጠዋት እንደ ሁሌው ከአስኮ በታክሲ ሄጄ የድንጋይ ካባውን ቢሮ እየጠረግኩ ነበር። አለቃዬ በየነ መጣና "ማራኪ፣ መጥረጊያውን ተይውና ይሄን ልበሺ" አለኝ። የሹፌር ሰደርያ። ለካ ዛሬ ከመንግሥት ሊያዩ ይመጣሉ። ድንጋይ የሚጭኑት ገልባጮች ከናፍጣ ወደ ባትሪ እንዲቀየሩ ብር የሰጠው መንግሥት ነው… በየነ ሴት ሹፌርም አሠለጥናለሁ ብሎ ፈርሟል። ባትሪ የት አለ? አንዱን ገልባጭ አረንጓዴ ቀባው፣ በቃ።

ሹፌሩ ወንድዬ ነዳ፣ እኔ አጠገቡ። አፋፉ ላይ ሞተሩን አጠፋና ማርሹን ነፃ አድርጎ ለቀቀው። ቁልቁል… ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ። ታች የቆሙት እንግዶች በባትሪ የሄደ መስሏቸው አጨበጨቡ። ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

ወይዘሮ ፅጌ የሚባሉ ከመንግሥት ቢሮ የመጡ ሴትዮ እጄን ያዙኝ።

"ባትሪው እንዴት ነው የኔ ልጅ?"

"አንዴ ከሞላ ቀኑን ሙሉ ይሠራል።"

ከየት አመጣሁት? ስልክ ቁጥራቸውን ሰጡኝ። "ችግር ካለ ደውዪልኝ።" ፊታቸው ደግ ነው… እሱ ነው የሚያቃጥለኝ።

እሁድ፣ ግንቦት 10

እማዬ ቸርች ተነስታ መሰከረች። "ልጄ ጠራጊ ነበረች፣ ጌታ ትልቅ መኪና ላይ አወጣት።" የማክሰኞውን ቀርፀውት ኖሮ በቴሌቪዥን አይታኝ ነው። ሁሉም ሃሌሉያ አለ። እኔ ጫማዬን አያለሁ። ከኋላ አንዷ ነካ አድርጋኝ "ሹፌሯ፣ እስከ ሳንሱሲ ጣል አድርጊን እንጂ" ትላለች… ምነው መሬት በዋጠችኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ነገ ከመንግሥት ትልልቆቹ ይመጣሉ። በየነ "አሁን ባዶውን አይደለም፣ ድንጋይ ጭኖ ይውረድ። ያኔ ነው ቀሪውን ብር የሚለቁት" አለ።

ወንድዬ ፊቱ አመድ መሰለ። "ጋሼ፣ ፍሬኑ እኮ በንፋስ ነው። ንፋሱን የሚሞላው ሞተሩ ነው። ተጭኖ፣ ሞተር ጠፍቶ… አይይዝም።"

"ፈሪ። እምቢ ካልክ ቁልፉን አስቀምጥ፣ ሹፌር ሞልቷል።"

አላስቀመጠም። ሚስቱ ልትወልድ ነው… ታች የሚቆሙትስ ሰዎች?

ሽንት ቤት ገብቼ ወይዘሮ ፅጌ ጋ ደወልኩ። መኪናው የናፍጣ ነው፣ ነገ ሰው ይሞታል አልኳቸው።

"አንቺው በአፍሽ ይሠራል አላልሽኝም? ከአለቃሽ ጋር ተጣላሽ እንዴ?"

ዘጉት። ምን ይበሉ? እውነታቸውን ነው።

ረቡዕ፣ ከሰዓት

ለእማዬ ነገርኳት። ሹፌር አይደለሁም፣ ዛሬም የምጠርግ ነኝ አልኳት። የነገውንም፣ ለወይዘሮ ፅጌ መደወሌንም ነገርኳት።

"ቸርች ተናግሬያለሁ እኮ…"

"አውቃለሁ እማ።"

ከዛ "በይ ለሴትዮዋ ጻፊላት" አለች። ወደኔ ግን አላየችም።

በቴክስት የላክሁት ይሄን ነው፦

ወይዘሮ ፅጌ፣ ማራኪ ነኝ። ያኔ የዋሸሁዎት እኔ ነኝ፣ ማንም አይደለም። ስሜን ይጻፉት፣ በፈለጉበት ቀርቤ እናገራለሁ። እኔን ባያምኑኝ የአረንጓዴውን መኪና የነዳጅ ክዳን ያስከፍቱ፣ ናፍጣ ይሸትዎታል። ለነገው ዛሬ ሲመሽ ድንጋይ ሊጭኑት ነው፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሲወርድ ፍሬኑ አይይዝም። ከተጫነ በኋላ ሹፌሩ ወንድዬ እንጀራውን ፈርቶ እምቢ ማለት አይችልም። እባክዎ ሳይመሽ መልሰው ይደውሉልኝ።