በክሊኒኩ ፍሪጅ ውስጥ ስለነበረው ወተት

ለተከበሩ የልብስ ስፌት ፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ ቢሮዎም እንደወትሮው ነፋሻማ፣ ወንበርዎም እንደወትሮው የተመቸ ይሁንልዎ። እኔ የሦስተኛው መስመር ተቆጣጣሪ፣ ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ያዘዙኝን ሁሉ «እሺ ጌታዬ» ብዬ የፈጸምኩ ሠራተኛዎ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት፣ ቀደም ሲል በጸሐፊዎ በኩል የላክኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች ከሥራዎ ብዛት የተነሳ ሳይከፈቱ መቅረታቸውን ስለሰማሁና ሦስተኛ ፖስታ በመክፈት ላደክምዎ ስላልፈለግሁ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ክፍሉ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። በእጇ ቅልጥፍና «ፈጣኗ» የምንላት የመስመሬ ኪስ ሰፊ ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ ልጇ ገና የአራት ወር ሕፃን ነበር። ወተቷን አልባ የምታስቀምጥበት፣ በር ያለውና ውሃ የቀረበው አንድ ጥግ እንዲሰጣት ብትለምን፣ እርስዎ «መጸዳጃ ቤቱ በርም ውሃም አለው» በማለት ሌላው ሰው ወር ሙሉ ቢያስብ የማይደርስበትን መፍትሔ በአንድ ትንፋሽ ሰጧት። እሷም በተከደነው መቀመጫ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጠርሙሱን በጉልበቶቿ መካከል አጣብቃ፣ በሩ እየተንኳኳባት የልጇን ምግብ ታዘጋጅ ነበር። በሩን ያንኳኳ የነበረው ማን እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም። እኔ ነበርኩ። ሰዓቴን እያየሁ «አሥር ደቂቃ ሞላ!» እላት ነበር፤ ሳትጨርስ ቀርታ ሸሚዟ ደረቱ ላይ ረጥቦ ስትወጣም ሥራ እንደበዛበት ሰው ፊቴን አዞር ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍሪጁ። የክሊኒካችን ነርስ፣ የእርስዎን ፈቃድ ሳትጠይቅ፣ ከመድኃኒቶቹ በታች ያለውን መደርደሪያ ለፈጣኗ ለቀቀችላት። ፈጣኗ ጠርሙሶቿን ቤቷ አፍልታ ታመጣለች፤ በእያንዳንዱ ላይ የታለበበትን ቀንና ሰዓት ትጽፋለች፤ ማታ በረዶ በያዘ ቦርሳ ይዛ ትሄድና በማግስቱ እሷ ሥራ ላይ ስትሆን አማቷ ለሕፃኑ ይሰጡታል። ነርሷ የዓመት ፈቃድ በወጣች ማግስት ግን እርስዎ የክሊኒኩን ቁልፍ ሰጥተውኝ፣ ቤቱ ዝግ እስከሆነ ድረስ በውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ ሁሉ እንዲጠፋ አዘዙ። መድኃኒቶቹ ወደ ሌላ ቦታ ተወስደው ስለነበር የቀረው የሕፃኑ ወተት ብቻ እንደሆነ ነገርኩዎ። «እኛ ልብስ ሰፊ እንጂ ወተት ሻጭ አይደለንም» አሉኝ። ቀልድዎ ግሩም ነበር። እኔም ሳቅሁ።

ከሳቅሁ በኋላ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሄጄ ሶኬቱን ነቀልኩት፤ ቁልፉ እኔ ጋ ስለነበር ቀን ያለበቻቸውን ጠርሙሶችም እኔው እየተቀበልኩ እዚያው አስቀመጥኩ። የዕለቱ ሙቀት ጣሪያውን ያስጮኸው ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ፈጣኗ ጠርሙሶቿን ልትወስድ ከመምጣቷ በፊት፣ መልሼ ሰካሁት። ክቡር ሆይ፣ ይህንን እርስዎ አላዘዙኝም፤ ከራሴ አመንጭቼ ያደረግሁት ነው።

ጠርሙሱን በመዳፏ ይዛ «እትዬ፣ ዛሬ ለብ አላለም?» አለችኝ። «ሲከፈት ሲዘጋ ስለዋለ ነው» አልኳት። ሦስት ልጆች ያሳደግሁ ሴት ነኝና አመነችኝ።

ሕፃኑ በማግስቱ ከጠጣው በኋላ አስመለሰው፤ ተቅማጡም አላቆም አለ። አራት ቀን ሆስፒታል ተኛ። ልጠይቀው ብሄድ እናቱ በዚያች ኩርምት ባለች እጁ ላይ የተሰካውን መርፌ እያየች፣ «ጠርሙሱን በደንብ ሳላፈላው ቀርቼ ነው፤ በገዛ ወተቴ ልገድለው ነበር» እያለች ታለቅሳለች። አማቷም ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አያነሱም። እኔ ደግሞ ያመጣሁትን ብርቱካን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ «አይዞሽ፣ ያጋጥማል» ብያት ወጣሁ።

ልጁ ተርፏል። እሷ ግን ወተቷን ስለፈራችው ማለብ ተወች፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም ደረቀ። እውነቱን የነገርኳት ከዚያ በኋላ ነው፣ ማሽኗ አጠገብ ቆሜ። መርፌውን አቆመችና «ያን ሁሉ ቀን ራሴን ስረግም ዝም ብለው አዩኝ?» አለችኝ። መልሴንም ሳትጠብቅ ኪሷን መስፋት ቀጠለች።

ሦስተኛ ብዬ የምጨምረው አቤቱታ የለኝም። ይልቅስ ላሳውቅዎ፦ የመስታወት ቢሮዬን በጥቁር ጨርቅ ጋርጄ፣ ከቤቴ ትንሿን ፍሪጅ አምጥቼ፣ ሶኬቱ ላይ «አይነቀልም» ብዬ ጽፌበታለሁ። ከአንገትጌ ሰፊዎቹ አንዷ ወተቷን ልታልብ በቀን ሁለቴ ትገባበታለች። ፈጣኗ በበሩ ስታልፍ ቀና ብላ አታይም፤ አልፈርድባትም። ለዚህ ጥፋቴ የሚሰጡኝን ማንኛውንም ቅጣት ያለይግባኝ እቀበላለሁ።

የርኅራኄዎን ጥልቀት ለመለካት ገመድ ያጠራት፣ እሺ ለማለት የፈጠነች፣ እምቢ ለማለት የዘገየች ታዛዥዎ፣

የሦስተኛው መስመር ተቆጣጣሪ

ማስታወሻ፦ በዚያች ዕለት እርስዎ ለስብሰባ ወጥተው ሳለ የቢሮዎ ፍሪጅ ሲሠራ ውሏል። ጸሐፊዎን አስፈቅጄ ጠርሙሶቹን እዚያ ማስቀመጥ እችል ነበር። የለስላሳ መጠጥዎ ቦታ እንዳይጣበብ አስቤ ተውኩት።