ደመና ነው ያየነው

ይድረስ ለምወድሽ፣ ለጊዜው ግን ለተቀየምኩሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል እትዬ? ቅያሜ ጤና ከመጠየቅ አያግድምና አስቀድሜ ስለ ጤናሽ እጠይቃለሁ። ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪና ላይ ከማጎንበስ የመጣብሽ የትከሻ ሕመም ተሻለሽ ወይ? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? ባለቤትሽ ሲጋራውን ተወ ወይስ እንደ ልማዱ ለሰኞ ቀጠረው? ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን አለፈች? ትንሹስ የወተት ጥርሱን ነቅሎ ጨረሰ? እኔ ከብርዱና ከንዴቴ በቀር ደኅና ነኝ። ብርዱን ካፖርት ደራርቤ እችለዋለሁ፤ ንዴቱ ነው ያስቸገረኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ቆሜ ጀምሬ ቆሜ ጨረስኩት፤ መቀመጥ አቃተኝ። «አለቃሽን በእንግዳ ፊት አዋርደሻል አሉ። እግሩ ላይ ወድቀሽም ቢሆን ይቅርታ ጠይቂው። ለንፋስ ብለሽ እንጀራሽን ትረግጫለሽ ወይ?» ብለሽኛል። ማን እንደነገረሽ አላጣሁትም፤ ያ ጥሩንባ የአጎታችን ልጅ ነው። ለእኛ መሥሪያ ቤት ዕቃ የሚያመላልስ ሾፌር ነውና ወሬውንም ከዕቃው እኩል ያመላልሳል። ግን ነገሩን ከጭራው ነው የያዘው። አንቺም ከእኔ አፍ ሳትሰሚ ፈረድሽብኝ። አሁን ከአናቱ ጀምሬ ልንገርሽ፤ ከዚያ ፍረጂ።

ሥራዬን «ንፋስ መስፈር» እያላችሁ ስትስቁብኝ ኖራችኋል። ልክ ናችሁ፣ ንፋስ ነው የምሰፍረው። ግን ከገመድ ላይ ልብስ የሚያወርደውን አይደለም። አውሮፕላንም ፊኛም ከማይደርሱበት፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ፣ እዚህ እኔ ባለሁበት በሰሜኑ የምድር ጫፍ ሰማይ ላይ የሚነፍሰውን ነው። አየሩ እዚያ ከመሳሳቱ የተነሣ የለም ማለት ይቀላል፤ ሲሮጥ ግን የሚቀድመው መኪና የለም። ከሰማይ የሚወድቅ የሳተላይት ስብርባሪ የት እንደሚያርፍ ለመገመት እሱን ማወቅ ያስፈልጋል። ከሱ ዝቅ ብሎ ያለው ንፋስ አቅጣጫውን ሲገለብጥ ደግሞ፣ አንዳንዴ ከሳምንታት በኋላ ብርዱ ሰው ወዳለበት ይወርዳል። ቀልድ አይደለም።

እኔ የዚያን ንፋስ ጠባይ በኮምፒውተር አሰላለሁ። ዕድሜዬን የበላ ስሌት ነው። በጨለማው ወራት ግን ያነክሳል። እንደተሳሳትኩ አውቃለሁ፤ የቱ ጋ እንደሆነ አላውቅም። ሮኬቱ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ወደ ላይ ወጥቶ የሚያበራ ጭስ ይለቃል፤ ንፋሱ ጭሱን ሲጎትተውና ሲጠመዝዘው ከታች ሆነን ፎቶ እናነሣለን። ፎቶው የግድ ከሁለት ቦታ መነሣት አለበት። አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ መርፌ ውስጥ ክር አስገቢ እስቲ፤ ርቀቱ ይጠፋብሻል። አንድ ካሜራም እንዲሁ ነው። በሁለቱም ቦታ ሰማዩ ካልጠራ ሮኬት አይተኮስም፤ ሕጉን ያወጣው ራሱ አለቃችን ነው። ሮኬቱ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር።

እኔ ሁለተኛው ካሜራ ጋ ነበርኩ፤ ከኮረብታው ማዶ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ። አብሮኝ የነበረው የኤሌክትሪክ ሠራተኛችን ነው። ከማሽን ጋር ከተጣበቀ የማይላቀቅ፣ ከአፉም ቃል የማይወጣ ሰው ስለሆነ «ሙጫው» እለዋለሁ። በዚህ ወራት ፀሐይ ስለማትወጣ ከሰዓት በኋላውም ድቅድቅ ጨለማ ነው። ስንጠብቅ ከርመን አለቃችንና ሮኬቱ ባሉበት፣ በመጀመሪያው ካሜራ በኩል፣ ሰማዩ ጠራ። በእኛ በኩል ግን ደመናው ጥቅጥቅ ብሏል። የአለቃችን ድምፅ በሬዲዮ መገናኛው መጣ፦ «ተዘጋጁ፣ ልንተኩስ ነው።» እኔም «እኛ ጋ ተዘግቷል፣ አንድም ኮከብ አይታይም፣ ይቆይ» አልኩት። «ይገልጣል» አለ። «አይገልጥም! ነገን እንጠብቅ» አልኩ። «እንግዶቹ እኮ ነገ ጠዋት ይሄዳሉ» አለና ዘጋው። እንግዶቹ ሥራውን በገንዘብ የሚደግፉት ሰዎች ናቸው፤ እሳት ሲወጣ ሊያዩ መጥተው ነበር።

እትዬ፣ ካሜራውን ከፍቼ ማንሣት እንደጀመርኩ የደመናው ሆድ ድንገት ቀላ። ቀጥሎ ጉርምርምታው እግራችን ሥር መጣ። ከዚያ ሁሉም ተመልሶ ጠቆረ። አለቀ። ጭሱ ከላያችን ተዘርግቶ ንፋሱ እንዳሻው እየጎተተው እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ወደ ደመና አንጋጥጬ ፎቶ አነሣለሁ። ሙጫው «በቃ ተይው» ሲለኝ እንኳ አልተውኩም። ስንት ዘመን የጠበቅኩት ነገር በአናቴ ላይ አለፈ፣ አላየሁትም። አለቀስኩ፤ የንዴት እንጂ የሐዘን አልነበረም።

ወደ ታች ስንወርድ አዳራሹ ደምቋል። ጭብጨባ፣ ኬክ፣ መጨባበጥ። አለቃችን ብርጭቆውን አንሥቶ «ከሁለቱም ቦታ ንፋሱን ለክተናል» ይላል። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ሸምገል ያሉ ሴት፣ ጫማዬ ላይ ያለውን በረዶ አይተው «በእናንተ በኩል ምን ይመስል ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አለቃዬ ቀድሞኝ «ግሩም ነበር!» አለ። እኔም «ደመና ነው ያየነው» አልኩ። እሱ ሳቅ ብሎ «ደክሟት ነው፣ ቀልድም ታበዛለች» አለ። «አልቀለድኩም። እንዳትተኩስ ነግሬህ ነበር። ርችት ካማራችሁ ከሱቅ ይገዛ ነበር፤ የኛ ልፋት ለምን ይቃጠላል?» አልኩት። አዋረድሽው ያልሽው ይኸው ነው። ጮኬ ከሆነም ጮኬ ነው። ሰው ዓይን አውጥቶ ሲዋሽ እኔ ላንሾካሽክ ኖሯል?

በማግሥቱ ቢሮው ጠራኝ። ይጮህብኛል ስል ማር ማር ይል ጀመር። «የጎደለውን ባንቺ ስሌት እንሙላው። ከዚያ ስሌትሽን ከውጤቱ ጋር እናስተያያለን፤ ልክ ሆኖ ይገኛል፤ ስምሽም ይነሣበታል» አለኝ። ገባሽ? ደንበኛሽ ሳይመጣ ልኩን ከራስሽ ጽፈሽ፣ በዚያ ልክ ሱሪ ሰፍተሽ፣ ሱሪውን በዚያው ልክ ለክተሽ «ልክክ አለ!» ብትይ ማለት ነው። ሰውየው ሲቀመጥ ይቀደዳል። ቀበሮን ምስክርሽ ማን ነው ቢሏት ጅራቴ አለች፤ እኔን ደግሞ ጅራት ሊያደርገኝ ነው። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ሊነግረኝ የሚችለው ያ የጭሱ ፎቶ ብቻ ነበር፤ እሱን አጥፍቶ ስሕተቴን በስሕተቴ ሊሸፍንልኝ! አልሞላም አልኩት። «እንግዲያው አስቢበት» አለኝ፤ ማሩ ሬት ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ ወሬው ተነሣ። «የካሜራውን ክዳን ሳታነሣ ቀርታ ነው፤ ጥፋቷን በደመና ታላክካለች» ተባለ። ሙጫው ተጠርቶ ተጠየቀ። ዝም አለ። አጠገቤ ቆሞ ያየ ሰው! ከአለቃው ይልቅ በሱ ተቃጠልኩ። መተላለፊያው ላይ ሲያገኘኝ ጫማውን ያያል። ልጆች አሉት፣ ለሥራው ይፈራል፣ አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን አላበረደኝም። ያንቺ ደብዳቤ የደረሰኝ በዚያው ሳምንት ነው። እሱ ዝም ይላል፣ አንቺ ደግሞ «ዝም በይ» ትይኛለሽ። የት ልግባልሽ?

ያነሣሁትን ፎቶ አጉልቼ አሳተምኩና የምግብ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ቀይ የደመና ሆድ። ክዳን ያለበት ካሜራ ጥቁር እንጂ ቀይ አያነሣም። ከሥሩ «ሁለተኛው ካሜራ፤ ደመና፤ ምንም አልተለካም» ብዬ ጻፍኩ። ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ ቆም እያለ አይቶ ያልፋል። አንድ ቀን ቁርስ ላይ አለቃችን ተቀምጦ ሳለ ሙጫው ከወንበሩ ተነሣ። ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣና ከጽሑፌ ሥር «እኔም ነበርኩ» ብሎ ጻፈ። ፈረመበትም። ተመልሶ ተቀመጠና ሻዩን እስከ ጭላጩ ጠጣው።

ከዚያ ወዲያ የክዳኑን ወሬ የሚያነሣ ጠፋ። ሪፖርቱም «ንፋሱ አልተለካም» ተብሎ ወጣ። ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው። የሥራ ውሌ አይታደስም ተብያለሁ፤ ሙጫው ወደ መጋዘን ተዛውሯል፤ አለቃችን እንዳለ አለቃ ነው። እኒያ ሸምገል ያሉት እንግዳ አንድ ነገር ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ንፋሱም እንደነፈሰ ነው፣ ስሌቴም እንዳነከሰ ነው። ከሥራውም ከስሜም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ይቅርታ አልጠይቅም፣ እትዬ። ሌላ ቦታ አመለክታለሁ፤ ካልሆነልኝ ወደ ቤት እመጣለሁ፤ ያኔ ጎረቤቱ «ንፋስ ይዛ መጣች» ብሎ ቢስቅ መልሱን ላንቺ ትቼዋለሁ፣ አፍ እንደሆነ አለሽ። ደግሞ ሌላ ጊዜ ስለ እኔ ክፉ ስትሰሚ አስቀድመሽ እኔን ጠይቂኝ። የማልወደውን ሰውማ ተቀይሜ ይህን ያህል አልጽፍለትም።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፣ ሰኞ መጥታለች በይው። ትልቋን ልጅሽን ወድቃም ቢሆን አልፋም ቢሆን ግንባሯን ሳሚልኝ። ትንሹን ጉንጩን ንከሽልኝ። የአጎታችን ልጅ ሲደውል ሰላምታዬን እንዳትነግሪው፤ እሱ ራሱ ያወራዋል። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ይህን ስታነቢላት ስለ ውሌ የጻፍኩትን ዝለይው ልልሽ ነበር። ተይው፣ አትዝለይው። ሁሉንም አንብቢላት።

ታናሽሽ፣
ከኮረብታው ሥር፣ ከሠራተኞች መኖሪያ
ጥር ፲፯ ቀን