ግንቡ ባለበት ቆሞ እርስዎ ከፍ ከፍ ላሉት ለክቡር ሚስተር ሴንጎባ

ካምፓላ፣ ኖቬምበር 2006

ለክቡር ሚስተር ዋልተር ሴንጎባ፤
ቀድሞ ጠበቃ፣ ኋላ የፓርላማ አባል፣ ዛሬ የመንግሥት ኦዲተር

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ አዲሱ መኪናዎ ሁሉ ደህና? እኔ ካምዎክያ ሰፈር ምግብ ቤት ያለኝ ታደለች ወልደሰንበት፣ ከዚያ ከተረገመ ግንብ በስተጀርባ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ ጽፌ በኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ፓርላማ ሳሉ የቀረበልዎትን ሳያነቡ እጅዎን እንደሚያወጡ እኔው ቤት ተቀምጠው እየሳቁ ስላጫወቱን፣ ቋንቋው አያስቸግርዎትም ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ከሰባት ዓመት በፊት ጎረቤቴ ወደ ምግብ ቤቴ የሚያስገባውን የጋራ መተላለፊያ በግንብ ዘጋው። ያኔ እርስዎ ዋንዴገያ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ቢሮ የነበረዎት ጠበቃ ነበሩና ጉዳዬን ያዙልኝ። አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ኦዲተር ቁጥር ይወዳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

፩ኛ/ ስለ ጥብቅናዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ከችሎት በፊት ምሳ እኔ ቤት፣ ከችሎት በኋላ ማጽናኛ እኔ ቤት ነበር። ሁለት ዓመት ከተመላለስን በኋላ እጄን ይዘው፣ ጥፋቱ የእኛ ሳይሆን የሕጉ ነው፣ ስለዚህ ሕግ ወደሚወጣበት ቤት መግባት አለብኝ አሉኝ። እኔ ሞኟም አለቀስኩ! በምርጫው ሰሞን ለደጋፊዎችዎ ወጥ የሠራሁት፣ ለእኔ ብሎ ፓርላማ የሚገባ ሰው ከዚያ በፊት አይቼ ስለማላውቅ ነው።

፪ኛ/ ስለ ሕግ አውጪነትዎም እንዲሁ። ስንት ጊዜ ደጅ ስጠናዎት ቆይቼ አንድ ቀን የፓርላማው ደረጃ ላይ ብንገናኝ፣ ሕጉን መርምሬዋለሁ፣ እንከን የለውም፣ ጥፋቱ የአስፈጻሚዎቹ ነው አሉኝ። ደግ። በዚህ መካከል ደንበኞቼ በሌላ ጎረቤት መኪና እጥበት ውስጥ ሾልከው መምጣት ጀመሩ። የመለዋወጫ ነጋዴው ኣቤሰሎም አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በነጭ ልብሱ ሲያልፍ የውሃው ጎማ ዞረበትና፣ “ታዱ፣ ምሳ ልበላ መጥቼ ታጥቤ መሄዴ ነው” ብሎ በዚያው ቀረ። እርግጥ ስቄያለሁ፤ ግን ከእሱ በኋላ ስንቱ ቀረ!

ሦስተኛ ልል ነበር፤ ተናድጃለሁና ቁጥሩ ይቅርብኝ። በዘንድሮው ምርጫ መራጮችዎ እንዲያርፉ ፈቀዱልዎ፤ መንግሥት ግን ዕረፍት ነሣዎትና ኦዲተር አደረገዎ። የከተማው የጋራ መተላለፊያዎች እንዲመረመሩ ሲታዘዝ፣ ዕድሌ ወጣ ብዬ እልል አልኩ። መጡም! መኪናዎ ዋናው መንገድ ላይ ቆመ፤ መስታወቱ ዝቅ አለ፣ ከፍ አለ፣ ሄዱ። ሪፖርትዎ መተላለፊያው ክፍት ነው ይላል። ተዘግቶ ቢገኝ እንኳ ጥፋቱ ማስረጃውን በጊዜው ለችሎት ያላቀረበው የሴትዮዋ ጠበቃ ነው ብሎ ይጨምራል። ኧረ ልክ ነው! ያንን ጠበቃ ናካሴሮ፣ እናንተ ባለሥልጣኖቹ ሰፈር፣ ካገኙት ሰላም በሉልኝ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እርስዎ ጠበቃም የፓርላማ አባልም ሆነው እኔ ቤት ስለበሉ አንዳች ቁጭት አይኖርብዎትም። ቁጭቱ የእኔ ነው። ግንቡ እስከ ገና ካልፈረሰ ቤቱን እዘጋለሁ፤ ሮሃን የመሰለች ወጥ ቤትና አስተናጋጆቼ ይበተናሉ። ይህንን መስመር ስጽፍ አልሳቅኩም፣ ክቡርነትዎ፤ አንጀቴ አርሯል።

እርስዎ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አንጋጥጣ እያየች ማጅራቷን ያመማት፣ ለሹመትዎ ሁሉ እልል ያለች፣ በጓሮ በኩል ካልሆነ የማትገኝ የዘወትር አድናቂዎ፣

ታደለች ወልደሰንበት

ሳልረሳው፦ በቅርቡ ዳኛ ሊሆኑ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎት! መዝገቤም ከችሎት ወደ ችሎት እየተገፋ ወደ ላይ እየወጣ ስለሆነ አንድ ቀን እርስዎ ፊት መድረሱ አይቀርም። ያን ቀን የሚሉትን ከወዲሁ አውቀዋለሁ፤ የዚህች ሴት ጠበቃ ስለነበርኩ ጉዳዩን ማየት አልችልም ይላሉ። ይሁን እንግዲህ፤ ጠበቃዬ እንደነበሩ ያን ቀን እንኳ ትዝ ይልዎታል።