የጥርስ ሳሙና ክዳን ያላት ቤዝ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ የእማዬም ጉልበት ተሽሎታል። እኔም ያው እዚያው ሱቅ አሮጌ ጊታርና አምፕሊፋየር እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ።

ማክሰኞ አንድ ነጋዴ ከናንተ አገር ያስመጣቸውን ሁለት ቤዝ ጊታሮች ይዞ መጥቶ «አወዳድሪና የተሻለችውን ውሰጂ» አለኝ። የመጀመሪያዋን በትልቁ አምፕሊፋየር ሞከርኳት፤ ደህና ናት። ሁለተኛዋን ሰክቼ ድምፅ ልጨምር እጄን ብሰድ፣ መቆጣጠሪያዋ የጥርስ ሳሙና ክዳን ነው። ዋናው ሲጠፋብህ እማዬ ያጠለቀችልህ፣ ነጩ።

ክው ብዬ ቀረሁ።

«ምነው፣ ነዘረሽ እንዴ?» አለኝ።

ከማን እንደገዛት ብጠይቀው «እኔ እንጃ፣ ከተከመረ ዕቃ መሀል ነው ያነሳኋት፤ ከመጣች ሁለት ወር አልፏታል» አለ። ባለፈው ሳምንት በደረሰን ደብዳቤህ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መድረክ ላይ እንደምትጫወትባት ጽፈህልናል። እማዬ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ ሁለቴ አስነብባኛለች።

ገዛኋት። ዋጋ ሳልለጥፍባት ከባንኮኒው ጀርባ ሰቀልኳት። ገበያተኛ ሲጠይቀኝ «ባለቤቷ መጥቶ ይወስዳታል» እላለሁ።

በል እንግዲህ ሰላምህ ይብዛ፣ በቶሎ ጻፍልኝ። እማዬ «ክዳኑ ወልቆበት እንደሆነ ጠይቂልኝ» ብላ ነበር። አልወለቀም ብያታለሁ።

ታናሽ እህትህ