ገና ላልገባ ተማሪ ፊደል አይጎላም ላሉን አስተባባሪ

ለተከበሩ የፈተና ኮምፒውተሮች ዝግጅት አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጎብኝተውን ሲመለሱ የቆቦ ሙቀት ጤናዎን እንዳልጎዳው ተስፋ እያደረግሁ፣ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሰላምና ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ በፈተና ጣቢያው የኮምፒውተር መምህርት ነኝ፤ ደህና ነኝ እንዳልልዎ ጭንቀት እንቅልፍ ነስቶኛል።

አንደኛ፣ ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም የሚሠሩትን ኮምፒውተሮች ራስዎ መጥተው ስላስተካከሉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በራስዎ ስም ገብተው፣ ፊደሉን አጉልተው፣ የአማርኛ ኪቦርድ ጨምረው፣ የጣናን ፎቶ ከጀርባ አድርገው ዝግጅቱ መጠናቀቁን ሲያበስሩን አጨብጭበናል። ያ ሁሉ ምቾት የሚገኘው ግን በእርስዎ ስም ለሚገባ ሰው ብቻ መሆኑን በትሕትና እንዳስታውስ ይፈቀድልኝ። ተማሪዎቹ በየስማቸው ሲገቡ የሚጠብቃቸው ፊደል ዛሬም እንደ ጤፍ የደቀቀ ነው።

ሁለተኛ፣ ያዘጋጀኋትን፣ ኮምፒውተሩን በራሷ የምታዝዝ አጭር ስክሪፕት ስላስጠፉልኝ አመሰግናለሁ። ሥራዋ፣ ተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ከመግባቱ በፊት የፊደሉን መጠንና ኪቦርዱን እንደሚያስፈልገው አስተካክላ መጠበቅ ነበር። እርስዎ ግን ገና ያልገባ ሰው ምርጫ ሊኖረው እንደማይችል አስረድተው፣ የቸገረው ተማሪ ከገባ በኋላ እንዲያመለክት፣ ኮምፒውተሮቹን በተረከብንበት ጊዜ ያልነበረ ነገር ሁሉ እንዲሰረዝ አዘዙ። ተማሪው እንደገባ የፈተናው ገጽ ስክሪኑን በሙሉ ስለሚሸፍነው ሴቲንግ መክፈት አይቻልም። ፈታኙም ኮምፒውተር እንዳይነካ ታዟል። ታዲያ ልጁ ለማን ያመልክት?

ሦስተኛው ቅሬታ እንኳን አይደለም፤ ኡሙሃኒ ናት። ከሮቢት በሚኒባስ እየተመላለሰች የምትማር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪያችን ስትሆን፣ ዓይኗ መነጽር የማያግዘው ደካማ ነው። ጽሑፉን በፎቶ ኮፒ እያጎላን ስንሰጣት ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ናት። ስክሪፕቷን የጻፍኳት መጀመሪያ ለእሷ ብዬ ነው። በሙከራ ፈተናው ዕለት ግን ግንባሯ ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግታ ስትታገል አየኋት። ስትወጣም እንዳልጨነቅ፣ አላህ እንደሚያውቅ ነግራ ያጽናናችኝ እሷው ናት። እኔ ግን ተናድጃለሁ፣ አፍሬያለሁም።

እውነተኛው ፈተና በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ስክሪፕቷን ለመመለስ የሚያስፈልገኝ የእርስዎ ፈቃድ ብቻ ነው፤ ፈቃዱ ካልደረሰኝ ያለፈቃድ እመልሳታለሁ። የሚያስጠይቀኝ ከሆነም የት እንደምገኝ ያውቃሉ።

ውድ ጊዜዎን በእንዲህ ያለ ጥቃቅን የፊደል ነገር በመሻማቴ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለከፍተኛ ወንበርዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ማንያህልሻል ካሣዬ
የኮምፒውተር መምህርት፣ ቆቦ

ማስታወሻ፦ በሪፖርትዎ ኡሙሃኒን ከሁሉም ቀድማ ጨርሳ የወጣች ፈጣን ተፈታኝ ብለው እንዳመሰገኗት ሰምተናል። አልጨረሰችም፤ ማንበብ ስላልቻለች ነው የወጣችው።