ስለ ተፋቁት ፊርማዎች ለክለባችን ፕሬዚዳንት የቀረበ ምስጋና

ክቡር ፕሬዚዳንት ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? በተለይ ቀኝ እጅዎ እንዴት አለልኝ? በክለባችን የምስረታ በዓል ላይ እንግዳው ተሰልፎ እስኪያልቅ ያለ ዕረፍት ሲፈርሙ ስላየሁ፣ ወለም ብሎት እንዳይሆን ሰግቼ ነው። ፈጣሪ ለእጅዎ ብርታቱን፣ ለእርስዎም ትንሽ ማስተዋሉን እንዲሰጥ እየተመኘሁ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

ምናልባት ከነመፈጠሬ ረስተውኝ ይሆናል። ከስታዲየሙ ጀርባ፣ ከጫማ አዳሹ ጎን ሰው ሠራሽ ጥርስ የምሠራዋ ሴት ነኝ፤ ሰፈርተኛው «እትዬ ጥርስ» ይለኛል። ከዓመታት በፊት የክለባችን ግራ መስመር ተከላካይ በክርን ተመትቶ የፊት ጥርሱን ቢያጣ ወደ እኔ መጣ። አዲሱን ጥርስ ገጥሜለት በመስታወት ፈገግ ብሎ ራሱን ካየ በኋላ፣ ክለቡ ለማስታወቂያ ካሳተማቸው የተጫዋቾች ካርዶች የራሱን ከኪሱ አውጥቶ፣ «እትዬ፣ ፈርምልኝ የሚለኝ ሰው የለምና፣ ሳይጠይቁኝ ልፈርምልዎት?» አለኝ። ካርድ መሰብሰብ የጀመርኩት ያን ዕለት ነው። የኮከቦቹን ካርድ ሕዝቡ ተሻምቶ ሲወስደው የሌሎቹ ከነካርቶኑ በር ጠባቂው ክፍል ይቀር ነበርና፣ እኔ ያንን እየወሰድኩ ልምምድ ሲያበቃ በሩ ላይ ቆሜ አስፈርም ነበር። ጓንቱ ሳይቆሽሽ ወደ ቤቱ የሚገባውን ሦስተኛውን ግብ ጠባቂ፣ ጨዋታ ሊያልቅ ሲል ብቻ ተቀይሮ ስለሚገባ «ጭማሪ» የሚባለውን አጥቂ፣ ሌሎችንም እንደነሱ ያሉትን አስፈርሜአለሁ። አንዳንዱ ከዚያ በፊት ፈርሞ ስለማያውቅ ፊርማውን እዚያው ቆሞ የፈጠረ ነው፤ አንዱም ተሳሳትኩ ብሎ ሰርዞ እንደገና የጻፈ አለ። የግራ ተከላካዩ ግን ኋላ ታሞ አረፈ፤ ልጁ ገና በእቅፍ ያለች ሕፃን ሳለች።

አሁን ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ለበዓሉ ኤግዚቢሽን ስብስቤን በውሰት ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎ ሱቄ ድረስ መጥተው፣ «እርስዎ እኮ የክለቡ ባለውለታ ነዎት» ሲሉኝ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ መሆኑን ያስታወሰኝ ሰው ስላልነበረ አልበሙን በሁለት እጄ አስረከብኳቸው።

ሁለተኛ፤ ስለ ንጽሕና ወዳድነትዎ አመሰግናለሁ። በበዓሉ ጠዋት አዳራሹ ስገባ ካርዶቹ ግድግዳው ላይ ተደርድረዋል፤ እንደ ታጠበ ሰሃን ያብረቀርቃሉ፤ አንድም ፊርማ የለባቸውም። ኃላፊዎን ብጠይቃቸው፣ «የተሞነጫጨረው ነገር የስፖንሰሩን ዓርማ ስለጋረደብን በጥጥና በአልኮል አስጠርገነው ነው» አሉኝ። ያ የተሞነጫጨረው ፊርማ ነው ብላቸው፣ «እትዬ፣ የማይታወቅ ሰው ፊርማ ምን ያደርጋል?» ብለው ሳቁ። ክቡርነትዎም አጠገባቸው ቆመው ነበርና፣ «ይልቅ ጸዳልኝ ብለው ደስ ይበልዎት እንጂ!» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ማሊያውን ለብሰው፣ ለክለብዎ አጥንታቸው ተሰብሮ፣ ጥርሳቸው ረግፎ የማይታወቁ ከሆነ፣ ያላሳወቃቸው ማን እንደሆነ የእርስዎ ትሕትና ለመናገር እንደማይፈቅድልዎ ይገባኛል።

ሦስተኛ፤ ባዶ ቦታ ሲባክን ዝም ብለው ስለማያዩ አመሰግናለሁ። ንግግርዎን እንደጨረሱ ካርዶቼን ከግድግዳው እያስነቀሉ፣ በወፍራም ማርከር የራስዎን ስም እየፈረሙ ለእንግዶች ማስታወሻ ብለው አደሏቸው። በሦስተኛው ግብ ጠባቂ ላይ ፊርማዎ ከግንባሩ ተነሥቶ ጓንቱ ላይ ነው ያረፈው። «የሰው ንብረት ነው!» ብዬ ብጮህ ሙዚቃው በለጠኝ።

አራተኛው ምስጋናዬ ይኸውልዎ። ከመስኮቱ አጠገብ ግራጫ ሹራብ ለብሳ ልጇን በእጇ ይዛ የቆመችውን ሴት አላስተዋሏት ይሆናል። የግራ ተከላካዩ ሚስት ናት፤ የጠራኋትም እኔ ነኝ። በሕመሙ ጊዜ ቤት ሲቀያይሩ ወረቀቶቹ ሁሉ ስለጠፉ፣ «ልጄ የአባቷን የእጅ ጽሑፍ አይታ አታውቅም፤ ያንን ካርድ አንድ ቀን ያሳዩልኛል?» ስትለኝ ኖራለች። እኔ ደግሞ፣ ሞኝ ነኝና፣ በሰው ፊት ተሰቅሎ ብታየው ይበልጥ ትኮራለች ብዬ በዓሉን ጠብቂ አልኳት። ስትመጣ ካርዱ ግድግዳው ላይ አልነበረም። ዞር ዞር ብላ ስትፈልግ አንድ እንግዳ ሙቀቱ በርትቶበት የባሏ ፊት ባለበት ካርድ ሲያራግብ አየችው። ቀርባ በትሕትና ጠየቀችው። ሰውዬው፣ «ውሰጂው እህቴ፣ እኔ ምን አደርግበታለሁ?» ብሎ ሰጣት። ጨዋ ሰው ነው፤ እግዜር ይስጠው።

ልጅቷ ካርዱን ከእናቷ እጅ ተቀብላ፣ ጣቷን የአባቷን ደረት በሸፈነው ማርከር ላይ አድርጋ፣ «እማዬ፣ አባዬ የሚጽፈው እንደዚህ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ክቡርነትዎ በዚያች ቅጽበት ኬክ እየቆረሱ፣ ጥርስዎ እስኪታይ እየሳቁ ነበር። ጥርስ ስሠራ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ጥርስ ማውለቅ አማረኝ።

አምስተኛ፤ በማግሥቱ ቢሮዎ ድረስ አቤት ብዬ ስመጣ ስላደረጉልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ ናቸው እያለችኝ ሳለ፣ እርስዎ የቴኒስ ራኬትዎን በብብትዎ ይዘው፣ የቴኒስ ጫማ ተጫምተው ከውስጥ ወጡ። «ለቁራጭ ወረቀት እንዲህ መሆን ምን የሚሉት ነው? ሌላ እናሳትምልዎታለን» አሉኝ። ቃል መግባትዎን አደንቃለሁ። የሞተውን ሰው ከየት አምጥተው እንደሚያስፈርሙልኝ ግን ሳይነግሩኝ መኪናዎ ውስጥ ገቡ።

ክቡር ሆይ፣ የሆነው ሁሉ እንዳይሰወርዎ የኋላውንም ልንገርዎ። ዛሬ ታክሲ የሚነዳው «ጭማሪ» ወሬውን ሲሰማ እንግዶችዎን በየቤታቸውና በየመሥሪያ ቤታቸው እየዞረ ካርዶቹን ለመናቸው። ቅር ብሎት የመለሰ አንድም ሰው አልነበረም፤ ይህንን የእንግዶችዎ ቸርነት ብለው ይውሰዱልኝ። የቀሩትን የስታዲየሙ ጠራጊ ከደረጃው ላይ ለቅማ አምጥታልኛለች። ተጫዋቾቹም አንድ በአንድ ሱቄ እየመጡ፣ ለጥርስ ልክ በምሠራቸው የጀሶ መንጋጋዎች መሐል ተቀምጠው እንደገና ፈረሙልኝ። ሦስተኛው ግብ ጠባቂ፣ «እትዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ተራ ሳይደርሰኝ ኖሬ፣ ይኸው በእርስዎ ቤት ሁለት ጊዜ ገባሁ» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

የግራ ተከላካዩ ግን ሊመጣ አልቻለም። ሚስቱና ልጁ መጡ። እናትየው፣ «እትዬ፣ ቢያንስ ይህን ሰውዬ ከላዩ ያንሱልኝ» አለችኝ፤ ሰውዬው ያለችው እርስዎን ነው። ማርከሩን አልኮል በነካ ጥጥ ቀስ ብዬ ጠረግሁት። ከዚያ በጥርስ ላይ ስንጥቅ የምፈልግበትን መብራት ዝቅ አድርጌ ካርዱን ዘንበል ባደርገው፣ ወረቀቱ ላይ ቦይ የመሰለ ነገር ታየኝ። ያኔ የፈረመው ካርዱን ጉልበቱ ላይ በታጠፈ ፎጣ አስደግፎ፣ እስክሪብቶውን ተጭኖ ነበር። ቀለሙን አስጠርገውበታል፤ የእጁን ክብደት ግን ጥጥዎ አላገኘውም። ልጅቷ በጥፍሯ ጫፍ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ተከተለችው። «ሲጨርስ መስመሯን ወደ ላይ ያነሣታል» አለች፤ እናቷ ያን ጊዜ ገና አለቀሰች። ካርዱን ለልጅቷ ሰጠኋት። ከእንግዲህ የእኔ አይደለም፤ የእርስዎ ደግሞ ሆኖም አያውቅም።

ከእርስዎ የምፈልገው ጥቂት ነው። ይቅርታዎን ለእኔ ሳይሆን በየስማቸው ለእነዚያ ሰዎች፣ ከሁሉ በፊትም ለዚያች ልጅ፣ በስታዲየሙ በር ላይ ይለጥፉ። ስማቸውን የማያውቁት እንደሆነ ሱቄ ክፍት ነው፤ ቆመው ይጠይቁኝ፤ ወንበሩ ለተጫዋቾች ነው።

ለክለቡ ባደረጉት ሁሉ ወደር የለሽ አድናቆቴን፣ ላላደረጉት ደግሞ ከዚያ የላቀ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ የሥራ ዘመንዎ እንደ ፊርማዎ የተንዛዛ እንዳይሆን ከልብ የምጸልይልዎ፣

ከስታዲየሙ ጀርባ ጥርስ ሠሪዋ

ማሳሰቢያ፤ ፍርደ ገምድል እንዳልባል፣ የእርስዎ ፊርማ ከካርዱ ከተነሣ በኋላ እርሱም አንዳች ዱካ ትቶ እንደሆነ በዚያው መብራት አገላብጬ ፈልጌአለሁ። ምንም የለም።