ጸጋ ላይ የወደቀው ብረት

የለም ማኑሄ፣ አላበድኩም። እኔ ከብረት ጋር አላወራም፤ የሚያወራው ብረቱ ነው፣ እኔማ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ እንጂ። ማን ምን ብሎ እንደነገረህ አላውቅም፤ ማንም ምንም ባይነግርህም መልሴ ይኸው ነው።

አሁን ሰላምታዬን ላድርስ። የእናቴ ልጅ፣ ወንድም ዓለም፣ እንዴት ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ? ያ ቁርጥማት ተወህ ወይስ አሁንም እንደ ሽማግሌ በሬ እያቃሰትክ ነው የምትነሳው? ዓይንህስ? መድኃኒቱን በሰዓቱ ትጨምራለህ ወይስ እንደ ልማድህ ሲያምህ ብቻ ነው የሚታወስህ? ከብቱስ፣ ጎረቤቱስ፣ የበልጉ ዝናብ ጣለላችሁ? እኛ ክብር ምስጋና ይግባውና ደህና ነን፤ ሃምሳው ስለሆነ ረቡዕም ዓርብም እየበላን ወፍረናል። ይህን በስልክ ያልነገርኩህ የጸጋን ስም ገና ሳነሳ ስልኩን ለፀዳለ አቀብለህ ስለምትወጣ ነው። ሚስትህ ምን በወጣት! ወረቀት ግን አቀብለኸው አትወጣም። ጉግሳ እሑድ ስለሚበር በሱ እጅ ይደርስሃል። ፊደሌ ቢንጋደድ የመሠረተ ትምህርት ተማሪ ናት ብለህ እለፈኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅህ ጸጋ የምትሠራበት ዌርሀውስ፣ ያ የዕቃ መጋዘን፣ ጣሪያው በዚያ ንፋስ ሲናድ፣ ያ ሁሉ ሰው ከሥሩ ሲቀር፣ ብረቱን የት ወሰዱት ብለን አልጠየቅንም። ማን ይጠይቃል? እኛ የጠየቅነው ልጃችንን ነው። ለካ ሰብስበው አስቀምጠውት ኖሯል። ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ የሟች ቤተሰብ ሁሉ ተጠርተን ሄድን። አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ተነስቶ ብዙ ተናገረ፤ ሰው አጨበጨበ። እኔም ሰው ሲያጨበጭብ አይቼ አጨበጨብኩ። ልጄ ሩሐማ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ «ብረቱ ቀልጦ የጦር መርከብ አፍንጫ ሊሆን ነው እኮ» ስትለኝ እጄ አየር ላይ ቀረ።

ከዚያ ለየቤተሰቡ አንድ አንድ ቁራጭ ሰጡን። ልጃችሁ ከወደቀችበት ቦታ የተነሳ ነው፣ ተሰናበቱትና መልሱልን፤ ከመለሳችሁት ስሟ መርከቡ ላይ ይጻፋል፣ ካልፈለጋችሁም የእናንተ ነው አሉን። ክንድ ያህል ነው፣ ጫፉ እንደተቀደደ ጨርቅ ተጠማዟል። መኪና ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌው መጣሁ። እስከ ቤት ድረስ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከጭኔ ላይ ሳነሳው ግን ሰው ከተነሳበት አልጋ እንደሚቀር ያለ ሙቀት ቀረ።

የጸጋ ባል ኤፍሬም ለመርከቡ ይሁን ባይ ነው። «እማማ፣ ስሟ ባሕር ለባሕር ይዞራል፣ ልጃችን ሊናም አድጋ ታየዋለች» ይለኛል። አልፈርድበትም። የሱ ነገር፣ መቃብሯ ላይ ቆሞ እንኳ ማልቀስ ያቃተው ሰው ነው፤ አንድ ነገር ከፍ ብሎ እንዲታይለት ይፈልጋል። እኔ ግን «ልጄ፣ የኛን ልጅ የበላ ብረት ደግሞ የማን እናት ደጅ ሊሄድ ነው?» አልኩት። «መርከቡ እኮ ለጥበቃ ነው» አለኝ። «ውሻም ለጥበቃ ነው፣ ጥርስ ግን አለው» አልኩት።

የሰፈራችን ኪዳነምሕረት ደወል ምን እንደነበረ አንተ ታውቃለህ። ያ ከሰማይ የወረደው ቦምብ ቀፎው አይደል ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ለቅዳሴ የሚጠራን? አባታችን «በልቶናል፣ እንግዲህ ይሥራልን» ያለው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሶ እኔም ብረቱን ለኃይለ መስቀል ሰጠሁት። ካሮልተን የሚባል ከተማ የተጋጨ መኪና የሚበይድ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነው። ለግቢያችን ደወል አድርግልኝ አልኩት። ብዙም ሳይቆይ በፎጣ ጠቅልሎ መለሰልኝ። «እማማ፣ እሳት ባስጠጋሁት ቁጥር ይቀዘቅዛል። እጄ ይቃጠላል፣ እሱ ይቀዘቅዛል» አለኝ። የቀረበለትን ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ወጣ። ኃይለ መስቀል ደግሞ ሻይ ትቶ የሚሄድ ሰው አይደለም፤ ያ ነው ከሁሉ ያስፈራኝ።

መሬት ሳስቀምጠው ሲሚንቶውን ያረጥበዋል። ጠርጌ ቀና ሳልል ደግሞ ያልበዋል። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ በገመድ ሰቀልኩት። እዚህ አገር የፈረንጅ ወር በገባ በመጀመሪያው ረቡዕ፣ ቀትር ላይ፣ የንፋስ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ለሙከራ ይነፋል። ብረቱ ቀድሞት ነው የሚጀምረው። የተቆጣ ንብ ቀፎ ውስጥ እንደሚያሰማው ያለ ድምፅ ነው። ከዚያ ሳይረኑ ይከተለዋል፣ እንደ ተቀባይ። ሩሐማ የልብስ ማጠቢያው ነው ትለኛለች። ጠፍቷል እኮ ስላት የጎረቤት ነው ትላለች። ልጄ ናት፣ ግን ግድግዳ ናት። ሊና ግን ትሰማለች። አባቷ ሥራ ሲውል እኔ ጋ አይደል የምትውለው፤ አንድ ቀን በርጩማ ላይ ቆማ፣ ጆሮዋን ብረቱ ላይ ለጥፋ ስትስቅ አገኘኋት። «የኔ እናት፣ ብረቱ ምን አለሽ?» አልኳት። «ላንቺ አይደለም አያቴ» ብላኝ ወርዳ ሄደች።

ዛሬ ሊወስዱት ይመጣሉ። ኤፍሬም ኮል አድርጎ እንሰጣለን ብሎ ጨርሷል፤ ብረቱ ግን እኔ ቤት ነውና እኔ ካላስረከብኩ አይወጣም። አባት አንተ ነህ፣ አንተ ፍረድ እንዳልልህ ወረቀቱ ሳይደርስህ ብረቱን የሚወስደው ሰውዬ ይደርሳል። ሶ ራሷን ልጠይቃት አልኩ። ዛሬ ያ ረቡዕ አይደል? ከሥሩ ቁጭ ብዬ «ጸጋዬ፣ እንደ ልማድሽ ድምፅሽን ካሰማሽ ደወል ትሆኛለሽ፤ ዝም ካልሽ ለመርከቡ ይሁን ብለሻል ማለት ነው» አልኳት። ቀትር ሆነ። ሳይረኑ ብቻውን ጮኸ። ብረቱ ጭጭ። ላቡ እንኳ ደርቋል። ጋራዡ ራሱ ትንፋሹን የያዘ መሰለኝ።

በቃ ፈረደች ብዬ ገመዱን ልፈታ እጄን ስሰድ አንድ ነገር ልቤን መታው። ማኑሄ፣ ልጅህ ዝም የምትለው መቼ ነበር? ለዚያ ለባለ ሱቁ ልጅ ሽማግሌ የመጣ ዕለት አስታውስ እስቲ። ስትወድማ ወሬዋ መች ያልቅ ነበር፣ ቤቱን በሳቅ ታፈርሰው የለ! እምቢ ያለች ዕለት ነው አፏን እንደ ተሰፋ ከረጢት የምትዘጋው። ሽማግሌዎቹም አንተም «ዝምታ እሺታ ነው» ብላችሁ በላችሁ፣ ጠጣችሁ፣ መረቃችሁ። በነጋታው የት አገኘናት? መነኻሪያ፣ የአዲስ አበባ አውቶብስ ውስጥ። እኔም ዛሬ እንደናንተ ልሳሳት ነበር።

ስለዚህ አልሰጥም። ኤፍሬም ቢቀየመኝ በኋላ እክሰዋለሁ። የእናንተ ነው ብለው የለ? ደወል ለመሆን ደግሞ እሳት አያሻውም፤ ዛፍና መምቻ ይበቃዋል። አጥፍተሻል የምትል ከሆነ ስድብህን ጽፈህ ላክልኝ፣ በስልክ ግን እንዳታለቅስብኝ።

ፀዳለን ጉንጭ ለጉንጭ ስሜሻለሁ ብላለች በላት፤ የላከችው በርበሬ ደርሶኛል። ሚኪያስን ትምህርቱን እንዳይተው ንገረው፣ አክስትህ ትረግምሃለች በለው። ለጎረቤታችን ለሸምሱ፣ በጸጋ ለቅሶ ቀን አብሮህ ድንኳን የተከለበትን ውለታ አልረሳሁም በልልኝ። ለዕፀ ሕይወት ደግሞ…

ደጁ ተንኳኳ። ሩሐማ ከሳሎን «እማዬ ነይ፣ ሰውዬው መጥቷል» ትላለች። «ይቆይ በይው» አልኳት። አሁን ደግሞ ድምጿ ተለወጠ። «እማዬ፣ ጋራዥ ውስጥ ማነው?» ትለኛለች። ልሂድ፣ ወንድሜ።

እህትህ አባይነሽ
ጋርላንድ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.